ጥያቄና መልስ፦ ነቀዝ የበላው መንበር

ጥያቄ፦ ላስታ ውስጥ በአንድ የገጠር ደብር በዲያቆንነት አገለግላለሁ። በጥንቱ መንበረ ታቦት እግሮች ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ወጥተዋል፤ ከሥሩም ዱቄት ይፈሳል። ምእመናን አዋጥተው ቫርኒሽ ገዝተዋል። ይቀባ?

መልስ፦ አይቀባ። ቫርኒሹን ለአዳዲሶቹ በሮች አድርጉት።

ቀዳዳው የነቀዙ መግቢያ ሳይሆን መውጫው ነው። ትሉ እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ ሲቦረቡር ከርሞ ክንፍ ካወጣ በኋላ በስቶት ይወጣል፤ ያኔ መቀባት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ቫርኒሹ ደግሞ የራሱን ጥፋት ያመጣል፦ የዕጣኑን ጥላሸት አብሮ ያሽጋል፣ የቅርጹን ጎድጓዳ ይሞላል፣ አርጅቶ ሲላጥም የእንጨቱን ፊት ይዞ ይነሳል። በላሊበላ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ፣ የንጉሡ ስም በግእዝ የተቀረጸባቸው መናብርት አሉ። እንዲህ ያለ ፊደል አንዴ ከተደፈነ ማን ያነበዋል?

ነቀዙ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ካህናቱ ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ከእግሮቹ ሥር ቀን የተጻፈበት ጥቁር ወረቀት ያንጥፉና በየሳምንቱ ይዩት። ነጣ ያለ ዱቄት ደጋግሞ ከታየና የቀዳዳው ጠርዝ ስል ከሆነ ነቀዙ አለ። በንግሥ ማግስት አንድ ቁንጥር ቢገኝ ግን አትደንግጡ፤ መንበሩ ሲነቃነቅ አሮጌው ዱቄትም ይራገፋል። ዱቄት ሳይሆን የጭቃ መስመር ካያችሁ ጠላታችሁ ምስጥ ነው፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ ፈልጉት።

ነቀዝ የሚወደው እርጥብ እንጨት ነው። መንበሩን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፋችሁ በላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ የወይራ ቁራጭ አድርጉ። አራቱም እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ካነሰ ክብደቱ በሦስቱ ላይ ወድቆ አሮጌው እንጨት ይሰነጠቃል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ መቀባትም አለ፤ ሻማ በሚበራበት መቅደስ ይህን ማሰብ እንኳ አይገባም።

አዲስ ዱቄት ካላቆመ በወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም በኩል ለቅርስ ባለሥልጣን አመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው በፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ የመጾር መስቀላችን ነሐስ ነው፤ ለጥምቀት በሎሚና በአመድ ብናሸው? (ከደሴ)

መልስ፦ ተዉት። ሎሚው ነሐሱን ይበላል፤ አመዱ የጭረቱን ሥዕል ያደበዝዛል፤ የወርቅ ቅብ ቅሪት ካለም ያነሳዋል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። የሻማ ጠብታ ካለበት እስኪደርቅ ጠብቁና በእንጨት ስንጥር አንሱት፤ በቢላ አይሆንም። የሚያሳስበው ሲነኩት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጥብ ነው፤ የእጅ ላብ ጨውና እርጥበት ሲገናኙ ይመጣል። መስቀሉን በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ግን አትክተቱት።