«ልቡ እዚህ የለም» ይሉኛል

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመቱ አዲስ አበባ ወስደነው ሐኪሙ ኦቲዝም እንዳለበት ነገረን። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጠበል አስጠምቃዋለች፣ አማቴም ቁርአን አስቀርተውለታል። አሁን በሰፈራችን መደበኛ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ነው። ይናገራል፣ ያነባል፤ ደብተሩ ግን ባዶውን ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። መምህርቱ «ልቡ እዚህ የለም» ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት በመስኮት ቆሜ አየሁት። «ደብተራችሁን አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ከሰሌዳው ላይ ተራ ቁጥር ሦስትን ሥሩ» አለች። ደብተሩን አወጣ። ወዲያው በውጭ አንድ ተሳቢ ፍሬን ሲይዝ ተሰማና ልጄ ጭልጥ አለ፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የታርጋ ቁጥር እየደገመ ነበር። ጠረጴዛውን በዱላ መታችው። ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ገባ፤ ስድሳ ልጅ ሳቀ።

ይኸው ልጅ ቤት ሲሆን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ሚሌ የሚወርዱትን ተሳቢዎች ታርጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይመዘግባል። እልኸኝነት ነው ወይስ ሌላ በሽታ ተጨምሮበት? ርዕሰ መምህሩ «ለዚህ ዓመት ቤት ይቆይ» ብለዋል።

እናቱ

መልስ

እህቴ፣ ግማሹን መልስ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሁለት ሰዓት ታርጋ የሚመዘግብ ልጅ ትኩረት ሞልቶታል፤ አንዴ ከተተከለበት ነቅሎ ማዛወሩ ነው የሚከብደው። የኦቲዝም ተመራማሪዋ ዲና መሬይና ሁለት ባልደረቦቿ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ኦቲዝምን ያስረዱት በዚሁ መንገድ ነው። የብዙዎቻችን ትኩረት እንደ ቤት አምፖል ጥጉን ሁሉ በመጠኑ ያዳርሳል። የልጅሽ የእጅ ባትሪ ነው፤ ያበራበት ቦታ ቦግ ይላል፣ ሌላው ይጨልማል። እልኸኝነት የሚለውን ተይው።

መምህርቱ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ትእዛዝ ሰጠች፤ እርሱ የመጀመሪያውን ፈጸመ። እስቲ በቅድሚያ ስሙን ትጥራው፣ አንዱን ነግራው ሲጨርስ ሌላውን ትንገረው። ከዚያም የሚሻለው ሦስቱን በወረቀት ጽፎ ዴስኩ ላይ ማስቀመጥና የጨረሰውን እንዲሰርዝ ማድረግ ነው። መቼም መዝገብ ይወዳል። መቀመጫው ከፊት፣ ከመስኮቱ ርቆ በግድግዳው በኩል ይሁን። ትምህርት ሊቀየር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይነገረው። «ዓይኔን እያየህ ስማኝ» የሚባለውም ይቅር፤ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዓይን ዓይን እያዩ መስማት ይከብደናል ይላሉ።

እኔ የተማርኩት ደሴ ነው። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው መምህራችን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር፤ ማን ይሰማቸዋል? ለልጅሽ የስድሳ ልጅ ጫጫታ በየቀኑ ያ ዝናብ ነው። ዱላው ደግሞ መብረቅ።

ሌላ በሽታ ላልሽው፣ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ከኦቲዝም ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ መመዝገብ የፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሐኪም ይወስነው። አንድ ነገር ግን ቶሎ አጣሪ፦ ጭልጥ ሲል ስሙን ጠርተሽ፣ ትከሻውን ነክተሽ ለጥቂት ሰከንድ ጨርሶ የማይመለስ ከሆነ በስልክሽ ቅረጪና ለሐኪም አሳዪ። የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሳይጥል፣ ሳያንፈራግጥ እንዲህ ይመጣል፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይም የሚጥል በሽታ ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይበዛል። ጆሮውም ይመርመር። ጠበሉንም ቁርአኑንም አልነካባችሁም፤ ሐኪሙን ግን አይተኩም።

ቤት ይቆይ? አይቆይም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። ርዕሰ መምህሩ ከጸኑ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የአካቶ ትምህርት (ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌሎች ጋር አብሮ የማስተማር) ባለሙያ ጠይቂ።

ከዚያ በፊት ግን መምህርቱን አነጋግሪ። ስድሳ ልጅ የተሸከመች ሴት ናት፤ ወቀሳውን ትተሽ የመጀመሪያዋን ወረቀት ራስሽ አዘጋጅተሽላት ሂጂ። ሦስት መስመር ይበቃል። ታርጋ ለሚወድ ልጅ ነውና እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ይኑረው።