ባዶውንም መረብ መዝግቡት

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሐሩር ደን ውስጥ ነፍሳት የሚበሉ ወፎችን በመከታተል ነው። ብዙዎቹ ቡናማና ግራጫ ናቸው። ከመሬት ብዙም ሳይርቁ፣ ጨለም ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይውላሉ። ለፎቶ አይመቹም። እኔ ግን እንደነሱ የምወደው ፍጥረት የለም።

እስቲ ጠዋት ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አማዞን ውስጥ እንደ ገብረ ጉንዳን በሰልፍ የሚዘምቱ ጉንዳኖች አሉ። መጀመሪያ ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ። ቀጥሎ ፌንጣው፣ በረሮው፣ ሸረሪቱ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ይፈረጥጣል። ወፎቹ ቀጫጭን ግንድ ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቃሉ። አንዷ ዱብ ትልና ፌንጣውን ለቀም አድርጋ ትመለሳለች። ጉንዳኑን አይደለም የሚፈልጉት፤ ጉንዳኑ ያባረረውን ነው። ሰልፉ ቦታ ስለሚቀያይር ወፎቹ ሰፊ ደን ያስፈልጋቸዋል። ደኑ ሲቆራረጥ ቀድመው ከሚጠፉት መካከል እነሱ አሉበት።

ከጥላ መውጣት የማይሆንላቸውም አሉ። ፓናማ ውስጥ ከጀልባ ላይ ሲለቀቁ፣ ውሃ ላይ 100 ሜትር እንኳ መብረር ያቃታቸው ዝርያዎች ታይተዋል።

ወጣት ሳለሁ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ንጋት ላይ መረብ እንዘረጋለን፣ የተያዘውን መዝነን፣ እግሩ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት አስረን እንለቃለን። መረቡ ባዶ ከሆነ ግን ደብተሬ ላይ አልጽፍም ነበር። ምን ይጻፋል ብዬ። ከዓመታት በኋላ ወፎቹ ቀንሰው እንደሆነ ላጣራ ደብተሩን ገለጥኩ። ዘርግቼ ያጣሁበትን ቀን ጭራሽ ካልዘረጋሁበት ቀን መለየት አቃተኝ። የስንት ወር ድካም መና ቀረ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በፓናማው ሶቤራኒያ ብሔራዊ ፓርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 2020 ድረስ መረብ እየዘረጉ ቆጥረዋል። ከተገመገሙት 57 የወፍ ዝርያዎች 40ዎቹ ቀንሰዋል፤ ከነሱም 35ቱ ግማሽና ከዚያ በላይ። ደኑ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ቆሞ ለሚያየው ምንም የጎደለ አይመስልም። ያ ሁሉ ዓመት ባይቆጠር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ስለዚህ ብርቅዬ ወፍ ፍለጋ ከደን ደን አትሩጡ። አንድ ቦታ ምረጡና ተመላለሱበት። ያው መረብ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ወር። ባዶ ሲሆን ሰዓቱን ጻፉ፣ ዝናብ ከነበረም ጻፉ፣ ከጎኑ ዜሮ አስቀምጡ። ወፍ ስትገባ ደግሞ ፈጠን በሉ። ልቧ ጣታችሁ ሥር ድው ድው ሲል ይሰማችኋል። መዝኗት፣ ቀለበቷን አንብቡ፣ እዚያው የተያዘችበት ጥላ ውስጥ ልቀቋት።