ላይቭ ቪዲዮ በክላውድ፦ ጠይቁ ብዬ የጠየቃችሁኝ

ጉባኤና ሥልጠና በላይቭ ማስተላለፍ ሥራዬ ነው። «በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በምንከራየው የሌላ ድርጅት ሰርቨር፣ ስለማስተላለፍ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ» ብዬ ነበር፤ አመጣችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከራሴ ኮምፒውተር በቀጥታ ለተመልካቹ ብልክስ? ክላውድ ለምን ያስፈልገኛል?

ለሦስት ሰው ከሆነ አያስፈልግህም። ግን ቪዲዮህ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ነው እንበል። መቶ ሰው ከአንተ ቀድቶ ልይ ካለ 300 ሜጋቢት አፕሎድ ሊኖርህ ነው። በክላውድ ከሆነ የምትልከው አንድ ጊዜ ነው። እዚያ ሲደርስ በተለያየ ጥራት ይባዛል፤ ትራንስኮዲንግ የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ሲዲኤን የሚባለው የሰርቨሮች መረብ ለተመልካቹ ከሚቀርበው ቦታ ያደርስለታል። ኔትወርኩ የደከመበት ሰው ዝቅ ያለውን ጥራት ያያል፣ ጥሩ ኔትወርክ ያለው ከፍ ያለውን።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቴ ደካማ ነው። ክላውድ ከተጠቀምኩ ግን ይስተካከላል አይደል?

አይስተካከልም። ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክላውዱ የሚያበዛው የላክህለትን ነው። የተቆራረጠ ከላክህ የተቆራረጠውን ለሺህ ሰው ያዳርሳል።

እኔ ራሴ ጉድ ሆኜበታለሁ። አንድ ጉባኤ ላይ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሳለ በዋይፋዩ ሞከርኩ፤ እንከን የለውም። ከሰዓት በኋላ ታዳሚው ገባና ሁሉም ስልኩን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኘ። ምስሉ ደረቀ። ሌሊቱን ሙሉ የክላውዱን ቅንብር ሳስተካክል አድሬ፣ የተበላሸው እኔ ፊት ለፊት ያለው ነገር ሆነ!

ስለዚህ በገመድ ተገናኝ። ስትለካ ዳውንሎዱን ተወውና አፕሎዱን እይ፤ የምትለካውም ሰው በሞላበት ሰዓት ይሁን። ካገኘኸው ላይ ግማሹን ብቻ ተጠቀም። አፕሎድህ 6 ከሆነ በ3 ሜጋቢት 720ፒ ላክ። 1080ፒ እልካለሁ ብለህ ከመቆራረጥ፣ በ720ፒ ሳይቆራረጥ ቢደርስ ይሻላል። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የተቆራረጠ ድምፅ ግን ፈጽሞ አይታገሥም።

ጥያቄ፦ አርቲኤምፒ ወይስ ኤስአርቲ?

ሁለቱም ቪዲዮውን ከአንቺ ወደ ክላውዱ የሚያደርሱ የመላኪያ ዘዴዎች ናቸው። የመረጥሽው አገልግሎት ሁለቱንም ከተቀበለና መስመርሽ የሚዋዥቅ ከሆነ ኤስአርቲ። አርቲኤምፒ ፍላሽ የሚባለው የድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ ግን መንገድ ላይ ዳታ ሲጠፋ የኋላው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ኤስአርቲ የጠፋውን ብቻ እንደገና ያስልካል፤ በተወሰነለት ጊዜ ካልደረሰ ደግሞ ትቶት ያልፋል።

ጥያቄ፦ እኔ ከተናገርኩ ሰዎች የሚሰሙት ከ20 ወይም ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

ምንም። አብዛኛው ስርጭት ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው በኤችኤልኤስ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ዘዴ። ቪዲዮውን በትንንሽ ቁራጭ ይከፋፍለዋል። ቁራጩ 6 ሰከንድ ከሆነና ማጫወቻው ሦስት ቁራጭ ይዞ ከጀመረ 18 ሰከንድ እዚያው አለቀ። ቪዲዮውን ለመላክ የሚጨምቀው ኢንኮደርና መንገዱ የሚወስዱትን ጨምርበት። ቁራጩን ብታሳጥር መዘግየቱ ይቀንሳል፣ መቆራረጡ ግን ይብሳል። ከሰከንድ በታች የምትፈልግ ከሆነ ለቪዲዮ ጥሪ የሚጠቀሙበት ዌብአርቲሲ የሚባል ዘዴ አለ፤ ለብዙ ሕዝብ ሲሆን ግን ወጪውም ጣጣውም ይጨምራል። ጨረታ ወይም የቀጥታ ውይይት ካልሆነ መዘግየቱን ባትነካው ይሻልሃል። ጎረቤት ቀድሞ «ጎል!» ሲል የሚናደደው የኳስ ተመልካች ነው፤ ሥልጠና ላይ ቀድሞ የሚጮህ የለም።

ጥያቄ፦ ቢሉ ስንት ይመጣብኛል?

ዋጋው እንደየአገልግሎቱ ይለያያል፤ ስሌቱን ልስጥህ። 3 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት ለአንድ ሰው በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ነው። 500 ሰው ሁለት ሰዓት ካየ 1,350 ጊጋባይት። ኪስ የሚያራቁተው በአብዛኛው ይሄ ከክላውዱ ወደ ተመልካቹ የሚወጣው ዳታ ነው፤ አንተ ወደ ክላውዱ የምትልከው ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም።

ሌላው ወጥመድ ክላውዱ ላይ ቪዲዮህን የሚቀበለውን ቻናል ሳያጠፉ መተኛት ነው። እንደ አማዞን ሚዲያላይቭ ያሉት ላይ ምስል ባይገባም ቻናሉ እስከበራ ድረስ ሒሳቡ ይቆጥራል። የወጪ ማንቂያ አብጅ። ማንቂያው ይነግርሃል እንጂ ራሱ እንደማያጠፋልህ ግን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዩቲዩብ ነፃ አይደለም እንዴ?

ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ ስርጭት ከሆነ እዚያው ሂድ፣ ገንዘብህን አታባክን። ክላውድ የሚያስፈልግህ ያለ ዩቲዩብ ማጫወቻ በራስህ ድረ ገጽ ማሳየት ስትፈልግ፣ ማን ይይ የሚለውን ራስህ መወሰን ካለብህ ወይም ተመልካቹን የምታስከፍል ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የከፈለ ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ጊዜው የሚያልፍበት የተፈረመ (ሌላ ሰው አስመስሎ ሊሠራው የማይችል) ሊንክ ለየሰው ይሰጣል። ዲአርኤም፣ ማለትም ቪዲዮውን ያለ ፈቃድ እንዳይከፈት የሚቆልፈው ዘዴ፣ ሲጨመርበት ይጠነክራል። ስልኩን ስክሪኑ ላይ ደግኖ የሚቀርፀውን ግን ማንም አያስቆመውም።

ጥያቄ፦ የትኛውን አገልግሎት ልምረጥ?

ጀማሪ ከሆንሽ እንደ ክላውድፍሌር ስትሪም ወይም ሙክስ ያለ ተገጣጥሞ የሚመጣ። ራስሽ የምትገጣጥሚው ሰፊ ነፃነት አለው፣ ራስ ምታቱም እንዲሁ። ግን ከአንዱ ጋር አትጣበቂ። የማይክሮሶፍቱ አዙር ሚዲያ ሰርቪስስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ተዘግቷል፤ ሥራቸውን እሱ ላይ የገነቡ ሁሉ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ጥያቄ፦ ስክሪኔን ሳሳይ ስትሪም ኪዬ (ወደ ቻናሌ ለመላክ የማስገባው ምሥጢራዊ ኮድ) ታየ። ችግር አለው?

አለው! አሁኑኑ ቀይረው። ኪዩን የያዘ ሰው በአንተ ቻናል የፈለገውን ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ ኦቢኤስ በሚባለው የማስተላለፊያ ፕሮግራም ላይ ኪይፍሬም የሚለውን ስንት ላድርገው?

2 ሰከንድ። ኪይፍሬም ሙሉውን ምስል የያዘው ፍሬም ነው፤ ቁራጭ የሚጀምረው እሱ ላይ ስለሆነ በአውቶ ከተውከው አቆራረጡ ሊዛባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ካለቀ በኋላ ቪዲዮው ክላውዱ ላይ ይቀመጣል?

መቅጃውን ካበራኸው ብቻ። እኔ ያም ሆኖ እዚያው ኮምፒውተሬ ላይም እቀዳለሁ፤ በኤምፒ4 ሳይሆን በኤምኬቪ። መብራት ድንገት ቢጠፋ ኤምፒ4ው አልከፈት ሊል ይችላል፤ ኤምኬቪው እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል።