ተወካያችንን የት እናግኛቸው?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ልጄ ያነብልኛል። ከአዳማ ወጣ ብላ ባለች ገጠር ቀበሌ ጤፍና ሽንኩርት አምራች ነኝ። የሰፈራችን ቦኖ ከተበላሸ ስምንት ወር አለፈው። ሴቶቹ አዋሽ ድረስ ወርደው ነው የሚቀዱት። በሰኔ 2013 የመረጥናቸውን ተወካይ ከዚያ ወዲህ በዓይናችን አላየናቸውም። አንድ ጊዜ ከተማ መጥተው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አድርገዋል ሲሉ ሰማን። የተጠሩት ግን ከየቀበሌው አምስት አምስት ሰው ብቻ ነው። ስንጠይቅ «አዲስ አበባ ናቸው» እንባላለን። የት እናግኛቸው? ብናገኛቸውስ ይሰሙናል?
ተ.ብ.፣ ከአዳማ አካባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከኋለኛው ጥያቄዎ ልጀምር። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በአንድ ወረዳ ምክር ቤት ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። የመራጭና ተመራጭ ውይይት ሲጠራ ጥግ ላይ ተቀምጬ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከቆላው በኩል በእግራቸው መጡ። ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም ተብለው በር ላይ ቆመው ቆዩ። በስንት ልመና ገቡ። ተራ ሲደርሳቸው ተነሥተው ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ስለ ጉድጓዱ ነገሩን፤ የልጅ ልጆቻቸው ጥርስ በውሃው ስለ መበለዙ፣ ሊጠግን መጥቶ ሞተሩን ጭኖ ስለ ሄደው መኪና። ሞተሩ አልተመለሰም። ተወካዩ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። በእውነት አዳመጡ።

እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩት «የንጹሕ ውሃ ችግር መኖሩ ተነሥቷል» የሚል ነው። እንዲያ ነበር የሚጻፈው። ወደ ላይ የሄደችውም ያቺ አንድ መስመር ናት። ሞተሩም፣ የልጆቹ ጥርስም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ተወካዩ ቢሰሙም ቃላችሁ መንገድ ላይ ያልቃል። ራሳችሁ ጻፉት።

ለማን? እርስዎ በ2013 የመረጡት ለአንድ ምክር ቤት ብቻ አይደለም። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም፣ ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያም ድምፅ ሰጥተዋል። የቦኖ ጥገና የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ ጨፌው ነው። እንግዲህ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርባችሁ የጨፌው ተመራጭ ናቸው። ጨፌው ብዙ ጊዜ እዚሁ አዳማ፣ አባ ገዳ አዳራሽ ተሰብስቧል። አዲስ አበባ ድረስ ሳትሄዱ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

የፌዴራሉ ተወካይ «አዲስ አበባ ናቸው» ሲባል ግን ውሸት ላይሆን ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል። በመሐል ቢበዛ የአንድ ወር እረፍት አለው። ወደ መራጩ የሚወርዱት በአብዛኛው በእረፍቱና ከሐምሌ በኋላ ነው። አሁን ግንቦት ነው። ለመዘጋጀት ጊዜ አላችሁ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ችግራችን ይታይልን» ብቻ ብሎ የሚያልቅ አይሁን፤ እንዲህ ያለውን በክምር አይቻለሁ። ቦኖው የቆመበትን ቀን ጻፉ። ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት፣ አዋሽ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ መቼ ለማን አመልክታችሁ ምን እንደተባላችሁ አስፍሩ። ፊርማ ስታሰባስቡ ከሴቶቹ ጀምሩ። ጀሪካኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ዝርዝሩን የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ለወረዳውና ለጨፌው በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራሉ በአማርኛ ይሁን። የትምህርት ቤቱን መምህር ብትጠይቁ እምቢ አይሉም። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቀሪ ኮፒያችሁ ላይ ቀንና ቁጥር ተጽፎ ማህተም ይመታ። ማህተም የሌለው ኮፒ በኋላ «አልደረሰንም» ሲባል አይከራከርላችሁም።

ፊርማ ስታሰባስቡ «ሕዝብ ታነሣሣላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትደንግጡ። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይዛችሁ ዙሩ።

አንዳንድ ሰው «ካልመጡ እናውርዳቸው» ይላል። አመኔታ ያጣ ተመራጭን ማንሣት እንደሚቻል አንቀጽ 12 ላይ ሰፍሯል። እኔ ግን ለቦኖ ብላችሁ በዚያ መንገድ እንድትጀምሩ አልመክርም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ነገም ውሃ ይቀዳሉ።

አምስት ሰው ላኩ ከተባለ ሰፈሩ ራሱ ይምረጣቸው። ይህን ከአሁኑ ለቀበሌው ንገሩ፤ ስብሰባው ነገ ሊሆን ዛሬ ማታ ሲነገራችሁ አይሆንም። ከአምስቱ ሁለቱ እንኳ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ይሁኑ።

ስብሰባው ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አንዱን ኮፒ ለተወካዩ በእጃቸው ስጡ። ሌላውን ጥግ ላይ ደብተር ይዞ ለተቀመጠው ሰው ውሰዱለትና «ይህን እንዳለ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዝልን» በሉት። ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኖሮ አያይዘው ነበር።