«በደግነት» ብዬ የተረጎምኩት ድንጋይ

ልጆቼ፣ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛን ወደ አማርኛ ስመልስ ኖሬያለሁ።

በጀማሪነቴ ቢቸና አካባቢ ስለሚሠራ ትምህርት ቤት አንድ ሰነድ ተሰጠኝ። «ኮንትሪቢውሽን ኢን ካይንድ» ይላል። ካይንድ ደግ ማለት መሆኑን ማን ያጣዋል? «ሕዝቡ በደግነት ያዋጣው» ብዬ ጻፍኩ። መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አልገለጥኩትም።

ዋርካ ሥር ስብሰባ ላይ ተነበበ። አንድ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ልጄ፣ እኛ ደግነት አላዋጣንም። ድንጋይ ነው ያዋጣነው። አሸዋ፣ ባሕር ዛፍ። እሱ የታል?» ሰዉ አውካካ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ቃሉ «በዓይነት» ነበር። «በገንዘብ፣ በዓይነት፣ በጉልበት» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ!

ካይንድ ስም ሲሆን ዓይነት ነው፤ ቅጽል ሲሆን ደግ። መነሻቸው ግን አንድ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ ተፈጥሮንና ዘርን ይገልጽ ነበር፤ ዘመድ ከሚለው «ኪን» ጋርም ይዛመዳል። እኛስ «ወገን» እንል የለ? «ከየትኛው ወገን ነው?» ስንል እንለያለን፤ «ወገኔ» ስንል እናቅፋለን። ይህን ሳውቅ ስሕተቴ ትንሽ ቀለለኝ።

«ዚዝ ካይንድ ኦፍ ፒፕል» ብላችሁ የምትጽፉትም አማርኛው እየሳባችሁ ነው። «እንዲህ ዓይነት ሰዎች» ስንል ዓይነት አይበዛማ። በእንግሊዝኛው ግን ይበዛልና ማመልከቻ ላይ «ዚዝ ካይንድስ» በሉ።

አሁን ደግሞ በአማርኛችሁ መሃል «ካይንድ ኦፍ» ገብቷል፤ «በመጠኑ» እንደ ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር ግድ የለም። አንድ ልጅ ግን ለሥራ ቃለ መጠይቅ መጥቶ «ኤክሴል ትችላለህ?» ሲባል «ካይንድ ኦፍ» አለ። ልጁ በትሕትና ነው ያለው። እኛ የሰማነው «እምብዛም» ነው። ሌላ ሰው ቀጠርን። እስካሁን ይቆጨኛል።

የቅጥር ውል ላይ «ቤኔፊት ኢን ካይንድ» ካያችሁ ቀጣሪው ደግ ሆኖላችሁ አይምሰላችሁ። ቤት፣ መኪና ወይም ምግብ ይሆናል እንጂ በእጅ የሚገባ ብር አይደለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም በዓይነት የሚሰጥን ጥቅም ከገቢ ይቆጥረዋል። እና ከመፈረማችሁ በፊት «ዓይነቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።