ለወጣት የላንድስኬፕ ባለሙያዎች፦ የሙያ ማኅበራችሁን አትራቁት

የመናፈሻና የአረንጓዴ ስፍራ ንድፍና ተከላ ሙያችንን ገና የጀመራችሁ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። የሙያ ማኅበራችሁን የምስክር ወረቀት ሲያስፈልጋችሁ ብቻ የምታስታውሱት ቢሮ አታድርጉት።

የኛ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ሕንፃ በተመረቀ ዕለት ያለቀ ይመስላል፤ እኛ የተከልነው ዛፍ ግን የታሰበለትን ግርማ የሚይዘው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ጉዳቱም እንደዚሁ ዘግይቶ ይመጣል። በከባድ ማሽን የተጠቀጠቀ አፈር ሥሩን ውሃና አየር ይነሳዋል፤ ከልክ በላይ ጠልቆ የተተከለ ችግኝም ለዓመታት ለምልሞ ከቆየ በኋላ ይጠወልጋል። ያን ጊዜ የዋስትናው ጊዜ አልፏል፣ ተቋራጩ ሂሳቡን ዘግቶ ሄዷል፣ ንድፉን የሠራው ባለሙያም ሌላ ሥራ ይዟል። ታዲያ ከጥፋቱ ማን ይማር? የብዙዎችን ልምድ አሰባስቦ ለተተኪው የሚያስተላልፍ፣ ዕድሜው ከአንድ ሰው የሚረዝም አካል ያስፈልጋል። ለእኔ ማኅበር ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

ቀደምቶቻችንም ቶሎ የሚታይ ውጤት አልጠበቁም። የአሜሪካው የላንድስኬፕ አርክቴክቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1899 በኒው ዮርክ ሲቋቋም መሥራቾቹ 11 ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም ሴት ቢያትሪክስ ፋራንድ ብቻ ነበረች። በ1929 የተመሠረተው የብሪታንያው የላንድስኬፕ ተቋም የንጉሣዊ ቻርተር፣ ማለትም ከዘውዱ የሚሰጥ ይፋዊ ዕውቅና፣ ያገኘው በ1997 ነው። ዓለም አቀፉ የላንድስኬፕ አርክቴክቶች ፌዴሬሽን ደግሞ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1948፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ተመሠረተ።

የዕለት ተዕለት ጥቅሙንም አትናቁ። ደንበኛ ለምረቃው እንዲያምር ዛፎቹን አጠጋግታችሁ ትከሉ ቢላችሁና ብቻችሁን ብትከራከሩ፣ ነገሩ የእናንተ ምርጫ ብቻ መስሎ ይታየዋል። ሙያው የተስማማበትን መስፈርት ስታሳዩት ግን ንግግሩ ይለወጣል። ችግኝ አቅራቢ በስውር ኮሚሽን ሲያቀርብላችሁም የሥነ ምግባር ደንቡ እምቢ ለማለት አቅም ይሆናችኋል። በተለይ በትናንሽ ቢሮ ብቻችሁን የምትሠሩ፣ ከዚህ የበለጠ ከለላ የላችሁም።

ማኅበሮቻችን ለሽልማት የሚሰጡት ቦታ በእኔ እምነት ከልክ ያለፈ ነው። ሥራ ገና እንዳለቀ በተነሣ ፎቶ ይሸለማል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ይህን መለወጥ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። የተከላችሁትን ቦታ እየተመለሳችሁ እዩት። የትኛው ዛፍ ደረቀ? ውሃው የት ቆመ? ሰው በየትኛው አቋራጭ ሄደ? የአፈሩን ሁኔታና የአተካከሉን ዝርዝር ጨምራችሁ ጻፉትና ለሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ አቅርቡት። ለማቅረብ ደፍሮ የሚጀምር አንድ ሰው ከተገኘ፣ አንጋፋዎቹም የየራሳቸውን ማውጣታቸው አይቀርም።