«ሁሉ እያለኝ ምን ጎደለኝ?» እና ሌሎች የአንባብያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገንዘብና ስለ እምነት የተጻፉ ናቸው። ጠያቂዎቹ በኑሮም በዕድሜም ቢራራቁም ጭንቀታቸው ስለሚገናኝ፣ አምስቱን በአንድነት ማቅረብ መርጫለሁ።

«በመርካቶ ለረጅም ዓመታት ነግጃለሁ። ሱቅ፣ ቤትና መኪና አለኝ፤ ልጆቼም ጥሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ማታ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ስገባ ግን ደስታ የለኝም። ይህ ምስጋና ቢስነት ይሆን?»

ምስጋና ቢስነት አይመስለኝም። ምስጋና የሌለው ሰው የጎደለውን በሌላ ንብረት ለመሙላት ይሮጣል እንጂ እንደ እርስዎ ቆም ብሎ ራሱን አይጠይቅም። የመጽሐፈ መክብብ ጸሐፊ በምዕራፍ 2 ቤት እንደ ሠራ፣ ወይን እንደ ተከለ፣ ብርና ወርቅ እንደ ሰበሰበ፣ ዓይኑ ከፈለገችውም ሁሉ ምንም እንዳልከለከላት ከዘረዘረ በኋላ፣ ሁሉም ከንቱና ነፋስን እንደ መከተል ሆኖ እንዳገኘው ይናገራል። ይህን የሚለው ያጣ ሰው ሳይሆን ያገኘ ሰው በመሆኑ ምስክርነቱ ይከብዳል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጠቀሰውን ባለጠጋም ያስታውሱ። ጌታ ምሳሌውን የተናገረው አንድ ሰው «ወንድሜ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ንገረው» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ነው፤ በውርስ የተነሣ ፊት የተነሣሡ ወንድማማቾች ላሉባት ከተማችን ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የባለጠጋው ጥፋት እርሻው ማፍራቱ አልነበረም። ጎተራ ለማስፋት ሲያስብም ሆነ ስለ ብዙ ዘመን ዕረፍት ሲያቅድ የሚመክረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርም ጎረቤትም በአሳቡ ውስጥ የሉም። በእኔ እምነት የእርስዎም ባዶነት የሚነግርዎት ይህንኑ ነው፤ ሰው ከፈጣሪው ጋር ለመኖር ስለ ተፈጠረ፣ ንብረት የቱንም ያህል ቢበዛ በእርሱ ስፍራ ሊተካ አይችልም።

ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ሱቅዎን ከመክፈትዎ በፊት ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብለው ኪዳን ያድርሱ፤ በንግድዎ የበደሉት ሰው ካለም ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። በሉቃስ ወንጌል የተጠቀሰው ባለጠጋ ቀራጭ ዘኬዎስ በመጀመሪያ ጌታን በደስታ ወደ ቤቱ ተቀበለው፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ደስታውን በስጦታው አልገዛውም።

«ለአገልግሎት ገንዘብ ብሰጥ በብዙ እጥፍ እንደሚመለስልኝ ተነግሮኝ ከደመወዜ ሰጠሁ። እስካሁን ምንም አላገኘሁም። እምነቴ ደካማ ስለሆነ ነው?» (ፒያሳ አካባቢ ከሚሠሩ አንባቢ)

አይደለም። እንዲህ ያለ ተስፋ የሰጡዎት ሰዎች ስጦታን ወደ ንግድ ለውጠውታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ኑሮዋን ሁሉ ሰጠች፤ ጌታም አመሰገናት እንጂ እጥፍ ይከፈልሻል አላላትም፤ ወንጌሉም ከዚያ በኋላ ባለጠጋ ሆነች ብሎ አይነግረንም። ከቤት ኪራይና ከቀለብ የተረፈዎትን፣ ሐዋርያው እንዳለው በልብዎ እንዳሰቡ፣ በግድ ሳይሆን በደስታ ይስጡ።

«የተወለድሁበት፣ ያገባሁበትና ልጆቼን ያሳደግሁበት የካዛንቺስ ሰፈራችን በ2017 ዓ.ም. በልማት ምክንያት ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ተዛውረናል። ሰዎች “ኑሮዬ ይበቃኛል በይ” ሲሉኝ ይከፋኛል። እምነት የለኝም ማለት ነው?»

እናቴ፣ ቢከፋዎት አይፈረድብዎትም። ቡና የሚያጣጣ ጎረቤት፣ ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርስ ዕድር፣ በእግር የሚደረስ ቤተ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተቀበሏቸው በረከቶች ነበሩ፤ ስለ እነርሱ ማልቀስ ዓለምን መውደድ አይባልም። በዳዊት መዝሙራት ውስጥ ልቅሶና አቤቱታ ሞልቷል፤ እኛም የምስጋናውን መርጠን የእንባውን አንተውም፤ ሁሉንም እንጸልየዋለን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 ያለኝ ይበቃኛል ማለትን እንደ ተማረ ሲናገር በእስር ላይ ነበር፤ የተናገረውም ስለ ራሱ ነው። የተጎዳን ሰው ዝም ለማሰኘት አልተጠቀመበትም። እንዲያውም እዚያው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ምእመናኑ በመከራው ስለ ተካፈሉት መልካም እንዳደረጉ ይመሰክርላቸዋል። ስለዚህ ከመካሪዎችዎ የሚጠበቀው መጥተው ደጅዎን ማንኳኳት፣ ዕቃ ሲያጓጉዙ ማገዝ፣ ከጎንዎ መቀመጥ ነበር። ጉዞው ካልከበደዎት በወር በ22 ከቀድሞ ጎረቤቶችዎ ጋር ተቀጣጥረው በዑራኤል ያስቀድሱ፤ በአዲሱ ሰፈርም የጽዋ ማኅበር ካለ ይግቡ። ይህ የፈረሰውን ቤት አይመልስም፤ ኀዘኑን ግን ብቻዎን እንዳይሸከሙት ያደርጋል።

«ከአራት ኪሎ ተመርቄ ወጥቼ ሥራ አላገኘሁም። አጭበርብረው የከበሩ የክፍል ጓደኞቼን ሳይ በእውነት ለመኖር መምረጤ ይቆጨኛል።»

ወንድሜ፣ በግእዙ ዳዊት 72ኛውን መዝሙር አንብብ። የመዝሙሩ ባለቤት አሳፍ በኃጢአተኞች ሰላም ቀንቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ሳያፍር ይናገራል። ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ የእነርሱ ሀብት አልቀነሰም፣ የእርሱም አልጨመረም፤ ነገር ግን ፍጻሜያቸውን አስተዋለ፣ እግዚአብሔርም ቀኝ እጁን እንደ ያዘው ዐወቀ። ይህን ስልህ ሥራ መፈለግህን ተው ማለቴ አይደለም፤ በአባታችን ሆይ ጸሎት የዕለት እንጀራን እንድንለምን ተፈቅዶልናልና። ሥራ እንደምትፈልግ በሰንበት ትምህርት ቤትህ ላሉ ወንድሞችና እኅቶች ንገራቸው፤ ይህ አያሳፍርም።

«ሜክሲኮ አካባቢ ሁለተኛ ካፌ ልከፍት አስቤአለሁ። መስፋፋት ኃጢአት ነው?»

አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 የተጠቀሰችው ልድያ ውድ የሆነውን ቀይ ሐር የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች፤ ጳውሎስንና ባልንጀሮቹንም በቤቷ ተቀብላለች። የሠራተኞችዎን ደመወዝ በቀኑ ይክፈሉ፤ የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ጽፏል። አዲሱ ካፌ እሑድ ጠዋት እርስዎንም ሠራተኞችዎንም ከቅዳሴ የሚያስቀር ከሆነም የመክፈቻ ሰዓቱን ከቅዳሴ በኋላ ያድርጉት።